«ካኖኒካል ነው» ለሚሉ

ሰሞኑን አንድ የማስተርስ ተማሪ ረቂቁን አሳየኝ። በሁለት ገጽ ውስጥ «ካኖኒካል» የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ጽፏል፤ ማፑን ግን አንድም ቦታ አልጻፈውም። ጓደኞቹ «ንጹሕ ሥራ» ብለውታል። ያናደደኝ ይህ ሙገሳ ነው።

ማፑ ሊኒየር መሆኑን ማንም ያጣራል፤ አልፈዋለሁ። ሥራን የሚለየው ግን «አይሶሞርፊክ ናቸው» እና «ይህ ማፕ አይሶሞርፊዝም ነው» የሚሉትን አለማደባለቅ ነው። ዳይሜንሽኑ ውሱን የሆነ ቬክተር ስፔስ ከዱዋሉ ጋር አይሶሞርፊክ ነው፤ ማፑን ለመጻፍ ግን ቤዚስ መምረጥ ግድ ይላል፤ ቤዚሱ ሲለወጥ ማፑም ይለወጣል። ወደ ዱዋሉ ዱዋል ሲኬድ ግን የሚመረጥ ነገር የለም። ቬክተሩ እያንዳንዱን ፈንክሽናል «በእኔ ላይ ስንት ትሰጣለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማፑ ይኸው ነው። አይለንበርግና ማክሌን የ1945 ጽሑፋቸውን የከፈቱት በዚሁ ምሳሌ ነው።

«ዞሮ ዞሮ አይሶሞርፊክ ከሆኑ ምን ልዩነት አለው?» የሚል ሁሉ ሮበርት ጄምስ በ1951 ያሳየውን ይመልከት። የእሱ ባናክ ስፔስ ከዱዋሉ ዱዋል ጋር ርቀት እንኳ ሳይዛባ አይሶሞርፊክ ነው፤ ካኖኒካሉ ማፕ ግን አይሞላውም፣ አንድ ዳይሜንሽን ይጎድለዋል። ስለዚህ ስፔሱ ሪፍሌክሲቭ አይባልም። «ካኖኒካል» ብለህ ከጻፍክ በሚቀጥለው መስመር ኤለመንቱ የት እንደሚሄድ ጻፍ። ካልቻልክ ቃሉን ሰርዘው።

በአልጀብራዊ ጂኦሜትሪም ያው ነው። ጂነሱ 3 የሆነ ከርቭ በገዛ ዲፈረንሻሎቹ ወደ ፕሮጀክቲቭ ፕሌን ይገባል፦ ሃይፐርኤሊፕቲክ ካልሆነ ዲግሪው 4 የሆነ ከርቭ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከሆነ ሁለት ለአንድ ሆኖ ኮኒክ ላይ ያርፋል። ዲፈረንሻሎቹ የከርቩ የራሱ ናቸው። የፕሌኑ ኮኦርዲኔት ግን የእኛ ምርጫ ነው፤ ኢኩዌሽኑንም «ካኖኒካል» የሚል ሳገኝ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳለሁ።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ ጋሼ ነበሩ። «ካኖኒካልና ቀኖና ከአንድ የግሪክ ሥር ናቸው፤ ቀኖና ደግሞ እንደፈቀዱ የሚመርጡት አይደለም» ይሉን ነበር። አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎችን በሰሌዳው ሁለት ጫፍ አቁመው፣ 4 ኤለመንት ያለውን ፊልድ ለየብቻ አሠሯቸው። ልጅቷ ቀድማ ጨረሰችና «ካኖኒካል አይሶሞርፊዝም» ብላ መሐል ላይ ቀስት ሣለች።

«የኔ ልጅ፣ ያንቺ አልፋ የእሱ አልፋ ጋ ነው የሚሄደው ወይስ አልፋ ሲደመር አንድ ጋ?» አሏት።

ሁለቱም የአንድ ፖሊኖሚያል ሥሮች ናቸው፤ ሁለቱም መንገዶች ይሠራሉ፤ አንዱን ከሌላው የሚያስበልጥ ምንም የለም። ሰሌዳውን ብዙ አየችው። ከዚያ ዳስተሩን አነሣችና ቀስቱን ትታ ቃሉን ብቻ አጠፋች። ጋሼ ጠመኔውን አቀበሏትና ሁለተኛውን ቀስት ከመጀመሪያው ሥር ሣለች።