የእናቴ ጅምሮች

በእናቴ ቤት አንድ ሥራ ብቻውን ተጀምሮ አያልቅም። ሰፌዱ ላይ ባዘቶና እንዝርት፣ ከሶፋው ጎን ኪሮሽ የተሰካበት ዳንቴል፣ መስኮቱ ሥር ደግሞ በእግር የሚረገጠው ሲንጀር ከነጅምር ቀሚሱ። ሲንጀሩ መብራት ሲጠፋም አይቆምም።

እኔን የሚገርመኝ ዳንቴሉ ነው። ቡና ሲፈላ ይወጣል፤ ጣቶቿ ቁጥሩን ስለለመዱት ጨዋታው አይቋረጥም። አንዲት ቀዳዳ ከተዛነፈች ግን ዙሩን ሙሉ ትተረትረዋለች፤ ክሩም ሳይባክን ወደ ድቡልቡሉ ይመለሳል። ሹራብ ፋብሪካም ያወጣዋል። እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ግን ዛሬም ከሰው እጅ አልወጣም፤ ገበያ ላይ የሚታየው የማሽን ዳንቴል ሌላ ነገር ነው።

ፈትሉ የጠዋት ሥራ ነው፤ ክር ሲቀጥን ብርሃን ይፈልጋል። ልቃቂቱ ሲበዛ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። የምደርበው ባለ 4 ድርብ ጋቢ ክሩ የእሷ ነው። ይህ ቤት ጸጥ ቢል፣ የለበስኩትን ማን እንደፈተለው የማውቅበት ልብስ አይኖረኝም።

እናታችሁ ቤት ጅምር ዳንቴል ካለ፣ ዛሬ አጠገቧ ተቀመጡና ኪሮሹን ተቀበሏት።