«አያስፈልግም» የተባለው ላሜራ

ባለፈው ክረምት ቮልሴን ከጋራዥ ስረከብ ከቁልፉ ጋር አንድ ፌስታል ተሰጠኝ። ውስጡ ሦስት ቁራጭ ላሜራ፣ እፍኝ የማይሞላ ብሎንና ደርቆ የተሰነጣጠቀ ረጅም ጎማ አለ። «ጋሼ፣ ይሄ አያስፈልግም። ሞተሩን አፍኖት ነው የከረመው» አለኝ መካኒኩ። እጁ የሠለጠነ ልጅ ነው። አባባሉም ለጆሮ ልክ ይመስላል፤ የቮልስ ሞተር ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየር የሚፈልገውን ነገር ይከፍቱለታል እንጂ በላሜራ ይጠቀልሉታል? ሂሳቤን ከፍዬ፣ አመስግኜም ወጣሁ።

በሳምንቱ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ከፊቴ የነበረው አውቶቡስ ሰው ሊያወርድ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ሞተሩ በዝግታ መዞር ሲጀምር ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው አረንጓዴ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም አለች። ጥግ ይዤ የኋላውን ኮፈን ስከፍት፣ አክንባሎው እንደተነሣለት ምጣድ ወላፈኑ ፊቴን ጠበሰኝ።

ያን ማታ ከመደርደሪያ ያወረድኩት መጽሐፍ «ሃው ቱ ኪፕ ዩር ቮልስዋገን አላይቭ» ይባላል፤ ቮልስዋገንን በሕይወት ስለማቆየት ነው። ደራሲው ጆን ሚዩር የሎክሂድ መሐንዲስ የነበረ፣ ኋላ ግን ያንን ዓለም ትቶ ኒው ሜክሲኮ የገባ አሜሪካዊ ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሳንታ ፌ ወጣ፤ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይም ተሸጧል። ንዑስ ርእሱ የተጻፈው ለለየለት ጅል እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። እኔ በዚያ አልተቀየምኩም፤ ላሜራዬን በፌስታል ይዤ የወጣሁ ሰው ምን ብዬ እቀየማለሁ?

የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት አሰዳደሩ ላይ ነው። የፋብሪካ መመሪያ መኪናውን በክፍል በክፍል ይቆራርጠዋል፤ ኤሌክትሪክ እዚህ፣ ነዳጅ እዚያ። ሚዩር ግን ከሹፌሩ ጭንቀት ይነሣል። ቀይ መብራት ከበራ አንድ ምዕራፍ፣ አረንጓዴው ከበራ ሌላ ምዕራፍ፣ ሞተር አልነሣ ካለ ሌላ። መንገድ ዳር የቆመ ሰው «ዲናሞ» የሚለውን ምዕራፍ አይፈልግም፤ «ምን ሆንኩ?» ነው የሚለው። በዚያ ላይ የፒተር አሽዋንደን ሥዕሎች አሉ። ቮልስን ብሎን በብሎን በትኖ አየር ላይ ያንሳፈፈበት ሥዕሉ ብቻውን ሊሰቀል የሚገባው ነው። ጥራዙ በሽቦ ጥምዝ የተሰፋ ስለሆነ መኪና ሥር ዘርግተውት ራሱን አይከድንም። ይህን ያሰበ ሰው መሬት ላይ ተኝቶ ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ላሜራው። የአየሩን ጉዞ ሥዕሉን ከራሴ ሞተር ጋር እያመሳከርኩ ተከተልኩት። ማራገቢያው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ነው፤ ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። ከኋላ መስተዋት ሥር ባሉት ክፍተቶች የገባውን ቀዝቃዛ አየር ማራገቢያው ይስብና በላሜራው ቤት ውስጥ ቁልቁል ወደ አራቱ ሲሊንደሮች ይገፋዋል። አየሩ በሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከል ተሹለክልኮ ሙቀቱን ይዞ ከሥር ይወጣል። ዙሪያውን ያሉት ላሜራዎችና ያ ደረቅ ጎማ ሥራቸው አንድ ነው፤ ከሥር የወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ እንዳይመጣ መከልከል። እነሱ ሲነሡ ማራገቢያው ራሱ የተነፈሰውን ግለት መልሶ ይስባል። አንጥረኛ ወናፉን ከነቱቦው የሚጠቀመው ለዚህ አይደል? ቱቦውን ንቀሉና ግፉ፤ ነፋሱ ጎጆውን ሁሉ ይዞራል እንጂ ፍሙ ላይ አይደርስም። ልጁ «አፈነው» ያለው ነገር፣ ሞተሩ የሚተነፍስበት ጉሮሮ ነበር።

ሦስተኛው ሲሊንደር ደግሞ የባሰ ዕጣ አለው። እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል በፊት በነበሩት ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው አየሩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ፣ ልክ ከሱ በላይ ስለተቀመጠ የሚደርሰው አየር ቀድሞ የሞቀ ነው። ሞተሩ በጠቅላላ የሚይዘው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው፤ የረባ ፊልትሮም የለው፣ ወንፊት እንጂ። ያች ጥቂት ዘይት ስትግል ትቀጥናለች፣ ግፊቷ ይወርዳል፣ መብራቷ ትበራለች። የእንጦጦው ነገር ይኸው ነው።

አንድ ነገር ሳነብ ደስ አሰኝቶኛል። ሳንታ ፌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚያልፍ ከተማ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 በላይ። አየሩ ሲሳሳ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ድርሻው ይጎድልበታል። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ከመጣ መመሪያ ይልቅ ለእኛ ደጋ ይቀርባል። (ቮልስ ለእኛ ባዳ አይደለችም፤ ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ነው። በዚያ ቀን ላሜራዋ ይጎድል እንደነበር ማን ይመረምራል።)

እስከዚህ ድረስ ከሚዩር ጋር ነኝ። የምለየው ደኅንነት ላይ ሲደርስ ነው። እሱ መኪና ጋሻ ይሆነኛል ብሎ የሚነዳን ሰው አይወድም። ሹፌሩ ግጭት ቢመጣ መጀመሪያ የሚመታው እሱ እንደሆነ አድርጎ ቢነዳ አደጋው ይቀንሳል ባይ ነው። መጽሐፉ ሲወጣ ራልፍ ኔደር «አንሴፍ አት ኤኒ ስፒድ» ብሎ የመኪና ፋብሪካዎችን ከከሰሰ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ያ መጽሐፍ ጥፋቱን ብረቱ ላይ ሲፈልግ ይኼኛው ሰውየው ልብ ውስጥ ይፈልጋል። ቁም ነገር የለውም አልልም። የእኛን ሚኒባስ ሾፌር ላየ ሰው እንዲያውም ይጥማል። ግን ንቃት ሽታ የሌለውን ነገር አያሸትም።

ምን ማለቴ ነው? የቮልስ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚያገኘው ከጭስ ቱቦው ነው። ማራገቢያው ከሚገፋው አየር ከፊሉ በጭስ ቱቦው ዙሪያ ባሉት ሳጥኖች አልፎ ወደ ተሳፋሪው ይመጣል። ሳጥኑ ተበስቶ ወይም ማርሚታው ላይ ክፍተት ኖሮ፣ በዚያ ላይ የዙሪያው ላሜራና ጎማ ከጎደለ፣ ማራገቢያው ጭሱን ስቦ እግራችሁ ሥር ያደርሰዋል። «እኔ ማሞቂያ አልከፍትም» የሚል ይኖራል። የኔው የማሞቂያ ገመድ ዝጎ ግማሽ ክፍት ቀርቷል፤ ይህንንም ያወቅኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የከሰል ጭስ በር ዘግቶ የተኛን ሰው እንዴት እንደሚወስድ የማያውቅ የለም። የመኪናውም ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ስለዚህ «ይህ ክፍል ለሞተሩ ነው እንጂ ለሰው ደኅንነት አይደለም» የሚለው ክፍፍል ቮልስ ላይ አይሠራም።

ሚዩር በዚህ በኩል ቀርቷል የምለው ስለ ንቃት የተጻፈውን ያህል፣ አንድ ክፍል ሲጎድል ማንን እንደሚጎዳ ለይቶ የሚናገር ገጽ ስላጣሁበት ነው። ይህን አንባቢው ራሱ ገጣጥሞ ይድረስበት ያለ ይመስላል። ቀልዱም አንዳንዴ ይበዛል። በዘመኑ የወጣቶች ቋንቋ የተጻፈ እንግሊዝኛ ስለሆነ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ መካኒክ ግማሹ ያመልጠዋል። ለመካኒኩ ላውሰው አስቤ የተውኩት ለዚህ ነበር። በአንጻሩ ቫልቭ በየ3,000 ማይሉ ይስተካከል የሚለው ግትርነቱ፣ ብሎን ከመፍታት በፊት ሥራውን እስከ መጨረሻው አንብቡ የሚለው ምክሩ ዛሬም ወርቅ ነው።

የቀይ መብራቱ ምዕራፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዛሬ መኪና የባትሪ መብራት ሲበራ ብዙ ሰው «ቤት ልድረስ» ይላል፤ አንዳንዴም ይደርሳል። ቮልስ ላይ ያው መብራት ቺንጋው ተበጥሷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ቺንጋው ከሌለ ማራገቢያው ቆሟል። ወዲያው ማጥፋት ነው። መኪናው ግን ምንም ያልሆነ መስሎ ይሄዳል፤ የሚያሳስተውም ይኸው ነው።

«አያስፈልግም» የሚባል ሁሉ ግን እንደ ቮልስ ላሜራ አይደለም። ሰዎች ስለ ቪትዝና ኮሮላ የሥር ፕላስቲክ ይጠይቁኛል። ፍሬኑም መሪውም እሱን አይጠብቁም፤ ያለሱ ይነዳል። ቺንጋውን ከጭቃና ከውኃ ይከልላል፣ ባይኖር ጉዳቱ ቀስ እያለ ነው። ግማሹ ተፈትቶ አስፋልት የሚልሰው ግን ጨርሶ ከሌለው ይከፋል፤ ወይ ይታሰር ወይ ይውጣ። ፒስታ ላይ የሚውል ከሆነ ደግሞ የዘይት መያዣውን ከድንጋይ የሚጋርድ ብረት ሌላ ጉዳይ ነው።

ላሜራዎቹን ላስመልሳቸው ጋራዥ ሄድኩ። ጎማውን ሶማሌ ተራ ፈልጌ አጣሁት፤ ልጁ ከከባድ መኪና የውስጥ ጎማ ቆርጦ ሠራው። መጽሐፉን መሬት ላይ ዘርግቼ ሥዕሉን አሳየሁት። እንግሊዝኛውን አላነበበም፤ አላስፈለገውም። ዘይት በነካው አውራ ጣቱ ቁራጮቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ አሻራው ሦስተኛው ሲሊንደር አጠገብ ቀርቷል። ከዚያ ፌስታሉን ገልብጦ አራገፈና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ አራተኛዋስ የት ሄደች? እኔ ስፈታው አልነበረችም።»