በረካ ሲጠጣ

ሐምሌ ውስጥ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፎ፣ በአዲስ አበባ የድሮ የቀበሌ ቤቶች መካከል የሚያልፍ ሰው አፍንጫው ብዙ ይነግረዋል። እርጥብ ጭቃ፣ የተቆላ ቡና፣ እጣን፣ ከሰል። በሩ ገርበብ ባለ ቤት ውስጥ ማንደጃው ቀልቶ ይታያል። ልጆቹ ዙሪያውን ኩርምት ብለዋል፤ ከመጋረጃው ጀርባ አራስ ተኝታለች። ትንሽ ቆይቶ ብርድ እንዳይገባ በሩ ይዘጋል፤ ከሥሩ ያለው ክፍተትም በጨርቅ ይወተፋል። ላለፉት 14 ዓመታት ስታገል የኖርኩት ከዚያ በር ጋር ነው።

ሥራዬ በደብዳቤ ላይ ሲጻፍ «የአደጋ ቅድመ መከላከል ግንዛቤ ማስጨበጫ» ይባላል። ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ ሰው በእሳት፣ በጭስ፣ በጎርፍ እንዳይሞት መነጋገር ነው። መነጋገርን የተማርኩት ግን ዘግይቼ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማውቀው መናገር ብቻ ነበር። አዳራሽ ይከፈታል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ እኔ ማይክ ይዤ «ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ» እላለሁ። ሰዉ አንገቱን ይነቀንቃል፣ ስም መቆጣጠሪያው ላይ ይፈርማል፣ ይበተናል። አንድ ክረምት እዚያው ካስተማርኩበት ሰፈር ለቅሶ ደረስኩ። እናትና ልጅ ናቸው፤ ከሰል ነው የገደላቸው። እናትየው ከፊት ወንበር ተቀምጣ ስታዳምጠኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ቢሮ ተመልሼ ወረቀቱን ሳገላብጥ ፊርማዋን አገኘሁት። ያ ወረቀት በሪፖርቴ ላይ «ግንዛቤ የተፈጠረላቸው» ተብለው ከተቆጠሩት ሰዎች አንዷ እሷ መሆኗን ይናገራል።

ከዚያ ወዲህ አዳራሽ ስገባ ያ ፊርማ ፊቴ ላይ ይደቀናል። ሰው ያልሰማውን ብናሰማው ይድናል ብዬ ነበር የማምነው። የእኔን እምነት ያፈረሱት የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ የሚላቸው አንዲት አዛውንት ናቸው። ንግግሬን ከጨረስኩ በኋላ እጃቸውን አወጡና ተነሡ።

«ልጄ፣ ከሰል እንደሚገድል እናውቃለን እኮ። አያቴም ታውቅ ነበር። በሩን ከፍቼ ልተኛ? ሌባው አለ። ማንደጃውን ላውጣ? ብርዱ አለ፤ ፍሙንም ዝናብ ይመታብኛል፣ ነገ በምን ልሠራ ነው? እስቲ አንቺው ንገሪኝ፣ የቱን ልተው?»

መልስ አልነበረኝም። «እጠይቅና እመለሳለሁ» አልኳቸው። ማንን እንደምጠይቅ ግን አላውቅም ነበር።

የከሰልን ነገር አጥብቄ ያጠናሁት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ዓይን የሚያስለቅሰውን ጭስ ነው። ጭሱ ሲጠፋና ፍሙ ሲቀላ «አሁን አይጎዳም» ብሎ ወደ ቤት ያስገባዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቀይ ፍም ያለ ምንም ጭስ ያመነጨዋል። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅኑ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ጥንካሬ ይጣበቃል፤ እንዲህ ሆኖ አየር እየሳቡ መታፈን ይመጣል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎ እግር አልታዘዝ ይላል። እዚህ ላይ በየቤቱ ደጋግሜ የሰማሁት ነገር አለ፤ ሰዎች ራስ ምታቱን ምች መታኝ ብለው ይተረጉሙትና በር ይበልጥ ዘግተው፣ ጋቢ ደርበው ይሸፋፈናሉ። ሞቱ የሚገባው በዚያ ትርጉም በኩል ነው። ስለዚህ አሁን ስለ ጋዙ ከማውራቴ በፊት ስለ ምች እጠይቃለሁ። ማታ ራስዎን ሲያምዎት ምን ያደርጋሉ? አጠገብዎ የተኛውንስ ሰው ያመዋል? ሁለት ሰው በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ክፍል፣ እኩል ምች አይመታውም። ይህን ሲሰሙ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ ባለፈው ክረምት የሆነ ሌሊት የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም። ያኔ ምን መደረግ እንዳለበት ለመናገር ቦታ አገኛለሁ፤ በሩን ወለል ማድረግ፣ የታመመውን ጎትቶ ወደ ደጅ ማውጣት፣ ጎረቤት መጥራት፣ ቢሻለውም እንኳ ወደ ሐኪም መውሰድ።

የእማማን ጥያቄ የመለሰው ግን የእኔ ጥናት አልነበረም። አዳራሹን ትቼ ቡና ወደሚፈላበት ቤት መሄድ ስጀምር፣ አንዲት እንጀራ ጋግራ የምታድር ሴት ማንደጃዋን ምን እንደምታደርገው አሳየችን። ክዳኑ ጥብቅ የሚል ባዶ የቀለም ቆርቆሮ አላት። ፍሙን እዚያ ትገለብጥና ትከድነዋለች፤ አየር ስለሚያጣ ይጠፋል፤ ጠዋት ከፍታ ያንኑ ከሰል መልሳ ታቀጣጥለዋለች። ለቁጠባ ብላ የጀመረችው ነው። ቆርቆሮው ደጅ፣ ከእንጨትና ከማዳበሪያ ርቆ ድንጋይ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ ውጪ የጨመርኩት ነገር የለም። ብርዱን ደግሞ ሌላዋ መለሰችው፤ ለብ ያለ ውሃ በሃይላንድ ሞልቶ፣ በነጠላ ጠቅልሎ እግር ሥር ማስገባት። ፍሙ ከወጣ በኋላ በሩ ቢቆለፍ ችግር የለውም፤ ሌባውም መልስ አገኘ ማለት ነው። የቀረው ሰዓቱ ነበር። መቼ ይውጣ? አንዷ ስኒ እያጠበች ቀና ሳትል «በረካ ሲጠጣ ፍሙ ይውጣ» አለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስተኛው ስኒ ሲቀዳ ከቤቱ ልጆች አንዱ ማንደጃውን ያወጣል። ያች አባባል እኔ ካሳተምኩት ወረቀት ሁሉ ርቃ ሄዳለች።

«ተጠንቀቁ» የሚለውን ቃል ከንግግሬ ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ምኑን፣ መቼ፣ በየትኛው እጁ እንደሚጠነቀቅ አይነግረውም። ዘይት መጥበሻ ላይ እሳት ሲይዝ ውሃ ማፍሰስ እንደማይገባ መናገር አይበቃም፤ የድስት ክዳን አስይዤ፣ መጥበሻውን ከጎን በኩል አንሸራተው እንዲከድኑት አደርጋለሁ፤ አባወራዎችም ጭምር። ቡታጋዝ የሸተተው ሰው እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መብራት ማብሪያው ነው፤ ማብራትም ማጥፋትም ብልጭታ ይፈጥራል፤ ጋዙም ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ይተኛል። ስለዚህ ጨለማ ውስጥ ቫልቩን በዳበሳ መዝጋትን ዓይን አስጨፍኜ አለማምዳለሁ። የሚሳቅበት ጊዜ አለ፤ የሳቀ ሰው ግን እጁን ለምዶ ይወጣል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ሀብት እድር ነው። ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ድስት ጥዶ ሰው የሚሰበስብ ድርጅት በየሰፈሩ እያለ እኛ «የአደጋ ጊዜ ኮሚቴ» እናቋቁም ስንል ኖረናል። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ሌሊት ሰፈሩን የሚቀሰቅስ ጡሩምባ ነፊ አለው። ከሁሉ በላይ መዝገብ አለው፤ ማን የት እንደሚኖር፣ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ የተጻፈበት። በአንድ እድር ስብሰባ ላይ ሐሳቡን ሳቀርብ አንድ ሽማግሌ «እድር የሞት ነው፤ እሳት ምን አገባው?» አሉ። ጸሐፊው ከመዝገቡ ሳይነሣ «በእሳት የሞተውን የምንቀብረውስ ማን ሆነና?» አላቸው። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

መዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርን። ራሱን ችሎ ከቤት መውጣት የማይችል ማን አለ? አልጋ የያዙ፣ ዓይናቸው የማያይ፣ እርጉዝ። እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ወጣ፤ እናታቸው ለሥራ ስትወጣ በር ከውጭ ተቆልፎባቸው የሚውሉ ሕፃናት። ሴቶቹ ይህን በአደባባይ አይናገሩትም፤ ያፍራሉ፣ ይፈራሉም። እናት ይህን የምታደርገው አማራጭ አጥታ ነው፤ ስሟ ስብሰባ ላይ እንዲነበብ ማድረግ ጭካኔ ይመስለኛል። ስለዚህ ያ ዓምድ ጮክ ተብሎ አይነበብም። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የሁለት ጎረቤት ስም ይጻፋል፤ መለዋወጫ ቁልፉ ከሁለቱ አንዷ ጋ ይቀመጣል። ነገሩን የሚያውቁት እነሱና ጸሐፊው ብቻ ናቸው። በየስድስት ወሩ መታደስ አለበት፤ ሰው ይለቃል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል።

ከዚያ ስልኩ አለ። ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991። ቁጥሮቹን የሸመደደ ሰው ብዙ ነው፤ መደወል የሚችል ግን ጥቂት ነው። የደነገጠ ሰው «ቶሎ ድረሱ፣ ተቃጠልን!» ብሎ ይዘጋል። የት? የሰፈር አድራሻችን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከትልቁ ዋርካ ፊት ለፊት የሚል ነው፤ ዛሬ ወፍጮ ቤቱ የፈረሰበት፣ ዋርካውም የተቆረጠበት ሰፈር ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሰው አቀማምጬ ደውሉ እላለሁ፤ አንዱ ደዋይ፣ አንዱ ስልክ አንሺ። ምንድን ነው የተቃጠለው? ውስጥ ሰው አለ? መኪናው በየት በኩል ይገባል? ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ሰው የሚወድቅባት ናት፤ ሁሉም የሚያውቀው በእግሩ የሚሄድበትን አቋራጭ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል መንገዱ መጥበቡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሥራ እንዴት እንዳከበደው ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ከወጣቶች ጋር ሦስት ሜትር የሚሆን የድንኳን ቋሚ አግድም ይዘን ሰፈር ውስጥ መዞር ጀመርን። እንጨቱ የተቀረቀረበት ቦታ መኪናው የሚቆምበት ነው። እዚያ ጋ ቀለም እንቀባለን፤ እሳት ቢነሣ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ መኪናውን እንዲቀበል በስሙ ይመደባል። በአንድ ሰፈር እንጨቱን ያስቆመው ከአንድ ሱቅ በር ላይ የወጣ ቆርቆሮ ነበር። ባለሱቁ በማግሥቱ ራሱ ነቀለው፤ ማንም አላዘዘውም፣ እንጨቱ ሲቀረቀር በዓይኑ ስላየ ነው።

የሚመደበው ሰው ግን በቦታው አይቆምም፤ ይሮጣል። እሪታ ሰምቶ የማይሮጥ ጎረቤት የለንም፤ እንዲህ ሆነን ስላደግን እኮራለሁ። ይህን ኩራት ሳስብ ግን ጎፋ ከፊቴ ይመጣል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ውስጥ ዝናብ ያራሰው ተራራ ተንዶ ቤቶች ቀበረ። ሰዉ እሪታውን ሰምቶ አካፋ ይዞ፣ ያጣውም በእጁ ሊቆፍር ወጣ። እነሱ እየቆፈሩ ሳለ መሬቱ እንደገና ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ለማዳን የሮጡ ነበሩ። እነዚያን ሰዎች አጠፉ ለማለት አንደበቴ አይችልም። ሰው ሆነው ነው የሮጡት። ግን በመጸዳጃ ጉድጓድም ታሪኩ ያው ነው፤ የመጀመሪያው በጋዝ ታፍኖ ይወድቃል፣ ሁለተኛው ሊያወጣው ይገባል፣ ሦስተኛው ለሁለተኛው ይገባል። በኤሌክትሪክም እንዲሁ፤ ቆጣሪው ሳይጠፋ ወንድሙን ሊያላቅቅ የያዘው ሰው አብሮ ይቀራል። የማስተምረው አንድ ትንፋሽ ያህል መቆምን ነው። ቁም፤ የጣለው ነገር አሁንም እዚያ አለ ወይ ብለህ እይ፤ ከዚያ ሩጥ። ከዚህ ሁሉ ሥራዬ ከባዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የማቆመው መልካሙን ነገራችንን ነው። በልምምድ ላይ ደጋግሞ ስሙን ተጠርቶ የቆመ ሰው ካልሆነ በቀር፣ በእሪታ መሐል ቆሞ የሚያይ አላገኘሁም።

ኮንዶሚኒየም ሌላ ዓለም ነው። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ ያለ ሰው ይሰማው ነበር፤ ሌሊት በደረጃ ተግተልትለው የወረዱ ቤተሰቦች አጋጥመውኛል። መንቀጥቀጡ እስኪቆም ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ጭንቅላትን ሸፍኖ፣ ከመስታወት ርቆ መቆየትን እናስተምራለን። እኔን ይበልጥ ያስጨነቀኝ ግን ደረጃው ራሱ ነው፤ የከሰል ጆንያ፣ ሳፋ፣ ብስክሌት፣ ቁም ሳጥን። ለመልቀም የሁለት ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤት ስም እስኪተዋወቅ ግን ወራት ፈጀብኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት እማማ ቤት ገባሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። በረካው ሲቀዳ ሳልጠይቃቸው ማንደጃውን በሁለት ጨርቅ ይዘው ተነሡ፤ እኔ ቆርቆሮውን ከፈትኩላቸው፣ እሳቸው ገለበጡት፣ ከደንነው። ከጎናቸው ያለው ቤት በሩ ዝግ ነው። አዲስ ተከራዮች ናቸው፤ መዝገቡ ላይ ገና አልገቡም። በበሩ ሥር ከተወተፈው ጨርቅ ጎን ቀጭን ቀይ ብርሃን ይታያል። ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት እማማ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ ጣል አድርገው ቀደሙኝ። በሩን በእጃቸው ጀርባ መቱት።

«ቤቶች!» አሉ።