ጀርባውም ፊቱን የሚመስል ስፌት

እናቴ ደምቢያ ተወልዳ ያደገች፣ ወስፌ ከእጇ ሳይጠፋ የኖረች ሴት ናት። ከሳቫና ተነስተን በደቡብ ካሮላይና ደሴቶች በኩል ወደ ሰሜን ስንጓዝ እኔ መኪናውን እነዳለሁ፣ እሷ ሣሩን ታያለች። ድልድይ ተሻግረን ደሴት፣ ደሴቱ አልቆ ረግረግ፣ ከረግረጉ ማዶ ደግሞ ሌላ ድልድይ። አየሩ እርጥብና ሞቃት ነው። ከግዙፎቹ የኦክ ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ ሽበት የመሰለ ግራጫ ተክል ተንዘርፍፏል። ሴንት ሄሌና ደሴት ላይ በፔን ሴንተር ግቢ አረፍን፤ ከባርነት ለወጡ ጥቁሮች እ.ኤ.አ. በ1862 የተከፈተ የትምህርት ቤት ቦታ ነው። እናቴ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ዙሪያውን ቃኘችና፣ «ይሄን ሁሉ ሣር የሚሰፋበት ሰው የለም?» አለችኝ።

መልሱን በማግስቱ አገኘችው። ከቻርልስተን ተነስተን የኩፐርን ወንዝ ተሻግረን ማውንት ፕሌዛንት ስንገባ፣ በሀይዌይ 17 ዳር ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ዳሶች ብቅ ብቅ አሉ። በየዳሱ ላይ ስፌት ተሰቅሏል። «አቁሚ! አቁሚ!» አለች፤ ሞተሩን ሳላጠፋ ወርዳለች።

ዳሱ ሥር በእናቴ ዕድሜ ያሉ የጉላ ሴት ተቀምጠው ይሰፉ ነበር። ጉላዎች በባርነት ወደዚህ ዳርቻ የተጋዙ አፍሪካውያን ዝርያዎች ናቸው። ጉላዎች ይህን ሥራ ሽመና አይሉትም፤ «መስፋት» ነው የሚሉት፣ ልክ እንደ እኛው። የሚይዙት መብሻ ከማንኪያ እጀታ የተሠራ ነው፤ የማንኪያው ራስ ተቆርጦ እጀታው በሞረድ ሾሏል። ድሮ ከከብት ጎድን ይሠራ ስለነበር እስከ ዛሬ «አጥንት» ይሉታል። ወስፌ ክብ ቀዳዳ ይበሳል፤ ይህ ግን ጠፍጣፋ ስለሆነ የሚከፍተው ሥንጥቅ ነው። የሚያልፍበትም ክር ጠፍጣፋ ነው፦ ገና ከለጋው ዘንባባ የተሰነጠቀ ቅጠል፣ በሆሳዕና ቀለበት የምንሠራበትን ዓይነት።

ስፌቱ የሚጀምረው ከቋጠሮ ነው፤ ቋጠሮው እምብርት ይሆናል። ከዚያ ስዊትግራስ የሚሉት፣ ሲደርቅ የድርቆሽ መዓዛ ያለው ቀጭን ሣር በጥቅል ይያዝና እየተጠመጠመ ከታችኛው ዙር ጋር ይሰፋል። ሣሩ እያለቀ ሲሄድ ሌላ ይጨመርበታል። የእጅ ጥበብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቢዘገይ ጥቅሉ ይሰልላል፣ ቢበዛ ያብጣል። እናቴ አንዱን ሰፌድ አንስታ ጥፍሯን በዙሩ ላይ ከእምብርት እስከ ጠርዝ አስኬደች። «የት የት ጋ ነው የጨመረችው?» አለች። ደግማ ሞከረች፤ አላገኘችውም።

የእኛ ስፌት በቀለም የተነከረ ስንደዶ እየተጠመጠመበት ውስጡ ይሸፈናል፤ ውበቱም ከዚያ ድምቀት ነው። ጉላዎቹ ግን ውስጡን አይሸፍኑትም፤ በአንዱ ስፌትና በሌላው መካከል ሣሩ ራሱ ይታያል። አንዲት ስፌት ብትስት የምትደበቅበት የላትም። ቀለም አይነክሩም፤ ሣሩ ሲደርቅ አረንጓዴው ወደ ወርቅማነት ያደላል፣ ቡናማው መስመር ረጅም የጥድ ቅጠል ነው፣ ጥንካሬ ሲፈለግ ወፍራም የረግረግ ሣር ይገባበታል። ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ስፌቶቹ እንዳይራራቁ በየመካከሉ አዲስ ይገባል፤ እንዲያም ሆኖ ከእምብርቱ የሚነሱት መስመሮች ሳይዛነፉ እስከ ጠርዙ ይደርሳሉ።

ሥራው ጌጥ ሆኖ አልተጀመረም። ከምዕራብ አፍሪካ ሩዝ አብቃይ አገሮች ተግዘው የመጡ ሰዎች በዚህ ዳርቻ እርሻ ላይ ሩዝ የሚያበጥሩበት ትልቅ ሰፌድ ነበር፤ ወንዶችም ይሰፉት ነበር። ዛሬ ሙያው በሙዚየም ይታያል፤ የማውንት ፕሌዛንቷ ልጅ ሜሪ ጃክሰን በዚሁ ስፌት እ.ኤ.አ. በ2008 የማክአርተርን ሽልማት አግኝታለች። ግዛቱም እ.ኤ.አ. በ2006 የራሱ የእጅ ጥበብ ብሎ ሰይሞታል። ሣሩ ግን ይበቅልበት የነበረው ዳርቻ በሆቴል፣ በጎልፍ ሜዳና በታጠረ መንደር ስለተያዘ፣ ሰፊዎቹ ሣር ፍለጋ እስከ ጆርጂያና ፍሎሪዳ ይሄዳሉ። ሙያውን ያከበረ መንግሥት ሣሩ የሚነቀልበትን ቦታ አለማስከበሩ ያንገበግበኛል።

እናቴ ሰፌዱን ገለበጠችው። ጀርባው እንደ ፊቱ ነው፤ የተንጠለጠለ ጫፍ የለም፣ የተጎተተ ስፌት የለም። «እጅሽ ይባረክ በያት» አለችኝ። ነገርኳቸው። ሴትየዋ ሳቁና መብሻቸውን አቀበሏት፤ እናቴ ሦስት ስፌት ሰፋችበት። አራተኛውን ግን ፈታችው፤ «አልተስተካከለም» ብላ መልሳ ሰጠቻቸው።

ገበያ ላይ ሳትከራከር ስትገዛ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ከአትላንታም ሆነ ከዋሽንግተን ተነስታችሁ በሀይዌይ 17 የምታልፉ ከሆነ፣ ከዳሶቹ አንዱ ጋ ቁሙ። ሰፌዱን ገልብጡና ጀርባውን እዩ። ከዚያ የተጠየቃችሁትን ክፈሉ።