የማይበሉትን ነገሩን፤ የሚበሉትንስ?

ውድ አንባቢ፣ እስቲ አንድ ጥያቄ ላቅርብልዎት። ካናዳዊ ማለት ምን ማለት ነው? «አሜሪካዊ ያልሆነ» ብለው ከመለሱ፣ በታክሲዬ ከሚሳፈሩት ካናዳውያን ከአብዛኞቹ ጋር ተስማሙ ማለት ነው።

እኔ ቶሮንቶ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ግን ደሴ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የአማርኛ ሰዋስው አስተምር ነበር። ጠመኔ ከጣልኩ ዓመታት ቢቆጠሩም፣ ዓረፍተ ነገር በሰማሁ ቁጥር አሉታውን ከአዎንታው መለየት የማይለቅ አመል ሆኖብኛል። የዛሬው ጽሑፌ መነሻም ይኸው አመል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ «ካናዳ ከአሜሪካ በምን ትለያለች?» የሚል የቤት ሥራ ተሰጣት። ጽፋ ስትጨርስ ተቀብዬ አነበብኩት። «እኛ ፕሬዚዳንት የለንም። ጠመንጃ ይዘን አንዞርም። ዜድን ዚ ብለን አንጠራም» እያለ ይወርዳል። ከአሥራ አንዱ ዓረፍተ ነገር ዘጠኙ አሉታ ነው። «ይህን ከየት አመጣሽው?» ብላት፣ «አባዬ፣ ከማስታወቂያው ነዋ!» አለችና ኮምፒዩተሯን ከፍታ አሳየችኝ።

ማስታወቂያው ሞልሰን የተባለው ቢራ ጠማቂ በ2000 ያሠራው ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። ጄፍ ዳግላስ የተባለ ተዋናይ ጆ የሚባል ተራ ሰው ሆኖ መድረክ ላይ ይወጣል። ከኋላው ትልቅ ስክሪን አለ። በለሆሳስ ይጀምርና ድምፁ እየጋለ ሄዶ በመጨረሻ «ካናዳዊ ነኝ!» ብሎ ይጮኻል። ስንቱ ካናዳዊ በቃሉ አጥንቶታል።

እውነቱን ለመናገር ሥራው ያማረ ነው። እኛ አበሾች ይህን ዓይነት ነገር እናውቀዋለን፤ ፉከራ ነው። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው። የእኛ ፎካሪ አባቱን ይጠራል፣ አገሩን ይጠራል፣ የዋለበትን ሜዳ ይጠራል። ጆ የሚፎክረው ባልዋለበት ነው። እንጨት ቆራጭ አይደለሁም፣ የበረዶ ጎጆ ውስጥ አልኖርም፣ የዓሣ ነባሪ ጮማ አልበላም፣ በውሻ የሚጎተት ጋሪ የለኝም ይላል። አዎንታ ሲጀምር እንኳ ጅራቱ አሉታ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር አለኝ ይልና ፕሬዚዳንት አይደለም ብሎ ይጨርሰዋል። በመጨረሻ ስለ አገሩ ስፋትና ስለ ሆኪ መኩራቱን አልክድም። ነገር ግን ልብ ብለው ይዩት፤ ሰውየው የማይበላውን ነገረን እንጂ የሚበላውን አንድም ጊዜ አልነገረንም።

እዚህ ላይ ለጆ ጥብቅና ልቁም። በ1969 ጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ትሩዶ ዋሽንግተን ሄደው፣ ከአሜሪካ ጋር ጎረቤት መሆንን ከዝሆን ጋር እንደመተኛት አድርገው ገልጸውት ነበር። ከዝሆን ጋር የሚተኛ ሰው ዝሆኑ በተገላበጠ ቁጥር «እኔ ዝሆን አይደለሁም» ቢል አይፈረድበትም። ቢሆንም ዝሆን አለመሆን ብቻውን ምን እንደሆኑ አይናገርም።

ለመሆኑ ጆ ምን ይበላል? ይህን ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ናት። እትዬ የምትኖረው ቨርጂኒያ ነው። አንድ ጥቅምት ላይ ልትጠይቀን መጥታ ፍሪጅ ስትከፍት ደንግጣ ቀረች። «አንተ፣ እዚህ አገር ወተት በፌስታል ነው እንዴ የሚሸጠው?» አለችኝ። ኦንታሪዮና ኩቤክ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። አራት ሊትሩ በሦስት ከረጢት ተከፍሎ ይመጣል፤ አንዱን ጆግ ውስጥ አቁመው ጫፉን በመቀስ መቁረጥ ነው። ከረጢቱ በ1967 ቢመጣም የተስፋፋው በ1970ዎቹ አገሩ ወደ ሊትርና ኪሎ ሲዞር ነው፤ ከጠርሙስ ይልቅ የከረጢትን መጠን መለወጥ ይቀላልና። አሜሪካ በጋሎኗ ጸናች፤ ካናዳ ከረጢቷን ይዛ ሄደች።

እትዬ በሰነበተችበት ሳምንት መገረሟ አላበቃም። ምግብ ቤት አይስ ቲ አዝዛ ስኳሩ ጥርሷን ነዘራት፤ ደቡቡን ካልቆጠርን በአብዛኛው አሜሪካ ካልጠየቁ ስኳር አይገባበትም። ጎረቤታችን ችብሱ ላይ አቼቶ ሲያፈስ አየች። ታንክስጊቪንግ ደግሞ በጥቅምት ሁለተኛው ሰኞ ተከበረ፤ እሷ የምታውቀው የኅዳርን አራተኛ ሐሙስ ነው። «ቱርክ ሁለት ጊዜ ልበላ ነው?» ብትል ባለቤቴ ዶሮ ወጥ አቀረበችላትና ነገሩ በሰላም አለቀ።

አንባቢ ሆይ፣ ትንንሽ ነገሮች ናቸው ይሉ ይሆናል። ናቸው። ነገር ግን አገር የሚታወቀው በዚህ ነው። ካናዳውያን ራሳቸው ግን የእኛ ብለው ከሚምሉባቸው አንዳንዶቹ ሲመረመሩ ሌላ ናቸው። እኛ ሾፌሮች ሌሊት የምንጠጣው ዳብል ዳብል፣ ሁለት ክሬም ሁለት ስኳር መሆኑ ነው፣ የቲም ሆርተንስ ነው። ቤቱን በ1964 ሃሚልተን ላይ የከፈተው የሆኪ ተጫዋች ነበር። ከ1995 እስከ 2006 ግን በአሜሪካው ዌንዲስ ሥር ዋለ፤ በ2014 ደግሞ ከበርገር ኪንግ ጋር በአንድ ኩባንያ ሥር ሲጠቃለል የብራዚል ባለሀብቶች ያቋቋሙት ድርጅት ዋና ባለድርሻ ሆነ። ልጆቻችን የሚወዱት ክራፍት ዲነር፣ ያ አይብ የተነሰነሰበት መኮሮኒ፣ በ1937 በሁለቱም አገሮች ገበያ ላይ የዋለ የአሜሪካ ኩባንያ ምርት ነው። የጆ ቢራ ጠማቂም ቢሆን በ2005 ከኮሎራዶው ኩርስ ጋር ተዋህዷል። ፎካሪው አሜሪካዊ አይደለሁም ባለ በአምስት ዓመቱ አሠሪው ግማሽ አሜሪካዊ ሆነ ማለት ነው።

ካናዳ ውስጥ የተፈጠረውን ምግብ ስንፈልግስ ማንን እናገኛለን? ሃዋይያን የሚባለው ፒዛ ከሃዋይ እንዳይመስልዎት። አናናሱን በ1962 ቻታም፣ ኦንታሪዮ ላይ ፒዛ ላይ የጨመረው ሳም ፓኖፑሎስ የተባለ ከግሪክ የመጣ ስደተኛ ነው (አሳማው ለእኛ ይቅርብን)። የሃሊፋክስ ከተማ ምክር ቤት በ2015 የከተማዋ ምግብ ብሎ የሾመው ዶኔርም በ1970ዎቹ በግሪክ ስደተኛ እጅ የተለመደ ነው። ፑቲን፣ ችብስ ላይ ትኩስ አይብ አድርገው ወፍራም መረቅ የሚያፈሱበት፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከኩቤክ ገጠር የወጣ ነው፤ ለዓመታት ሲሳቅበት ኖሮ ዛሬ የመላ አገሪቱ ኩራት ሆኗል። ማስታወቂያው ውስጥ ጆ፣ እኛ ዘንድ ሁሉም እንዳለ ይኖራል እንጂ አይዋጥም ብሎ ይመካል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን እንዳለ የሚኖረውን ሰው፣ ምግቡን የሠራለትን ሰው፣ መድረኩ ላይ አላወጣውም።

በ2025 ነገሩ ተመልሶ መጣ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትራምፕ ቀረጥ ሲጥሉና ካናዳን 51ኛ ግዛት እያሉ ሲናገሩ፣ በመጋቢት መጀመሪያ የኦንታሪዮ መንግሥት የመጠጥ መሸጫ ሱቆች የአሜሪካን መጠጥ ከመደርደሪያ አወረዱ። በዚያው ሰሞን ያው ጄፍ ዳግላስ፣ ፀጉሩ ሸብቶ፣ አዲስ ፉከራ ይዞ ብቅ አለ። አሁን «ነኝ» ሳይሆን «ነን» ነው የሚለው። ከ25 ዓመት በኋላ ምግብም ገባበት፤ የለውዝ ቅቤ፣ የካቻፕ ችብስ፣ እንዲሁም ፑቲን፣ ያውም ከሩሲያው መሪ ስም ጋር ለቀልድ ተጣምሮ። እኔ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አበልጣለሁ። ሰውየው ያለውን መቁጠር ጀምሯልና። ማድ ቤቱ ውስጥ ማን እንደቆመ ግን ዛሬም አልተናገረም።

ይህን ሁሉ ለልጄ በአስተማሪ ወግ ተንትኜ ስጨርስ፣ «እሺ አባዬ፣ አበሻ ማለትስ ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሳላስበው «እኛ እንደ ፈረንጆቹ...» ብዬ ጀመርኩና አፌ ላይ ቀረ። ለካስ እኔም ቤቴን የማስተዳድረው በአሉታ ነው። በግራ እጅሽ አትጉረሺ፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም፣ እኛ እንዲህ አንለብስም። በቋንቋችን አሉታ ግሱን ከፊትም ከኋላም ነው የሚይዘው፤ «አይበላም» ስንል መብላቱ መሐል ላይ ታፍኖ ይቀራል። ልጄ ከእኔ የሰማችው ሁለት ፊትና ኋላውን ነው። መሐሉን ማን ይንገራት?

የቤት ሥራውን አብረን እንደገና ጻፍነው። «ወተታችን በከረጢት ይመጣል። እንጀራችን አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ ከበቀለ ጤፍ ይጋገራል። አባቴ ሌሊት ዳብል ዳብል ይጠጣል፤ እሑድ ጠዋት እናቴ ቡና ታፈላለች፤ ሦስተኛው እስኪጠጣ ማንም አይነሳም» ብላ ጻፈች። መጨረሻው ላይ አንድ አሉታ ሾልካ ገባች። ልሰርዛት እስክሪብቶ አንስቼ ተውኳት።

እርስዎም ዛሬ ማታ ገበታው ሲቀርብ ልጆችዎን ይጠይቋቸው፦ እኛ ምንድን ነን? መልሱ በ«አይደለንም» ከጨረሰ፣ ጥፋቱ የጆ ብቻ አይደለም።

ቸር ይግጠመን።