ካሜራው የማያየው ድብ

በአላስካ ካትማይ ብሔራዊ ፓርክ፣ ብሩክስ ፏፏቴ ላይ ድቦች ሳልመን ዓሣ ሲይዙ የሚያሳየውን የቀጥታ ስርጭት አይታችሁታል? ካላያችሁት እዩት፤ ግሩም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ፓርኩ በጣም የወፈረውን ድብ በሕዝብ ድምፅ መምረጥ ጀመረ። ዛሬ “ፋት ቢር ዊክ” ይባላል። ለድብ ውፍረት ሕይወት መሆኑን እያዝናና ያስተምራል፤ በበረዶው ወራት ሳይበላ የሚከርመው በዚያ ስብ ነውና።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ምህንድስና የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንድ ቦታ የተተከለ ሴንሰር የሚናገረው ስለዚያው ቦታ ብቻ ነው። ካሜራውም ፏፏቴውን እንጂ ድቡን አይከተልም።

ጁላይ ላይ ዓሦቹ ፏፏቴውን ለመዝለል ሲጨናነቁ ድቦቹም ይሰበሰባሉ። ኦገስት ላይ ግን ቦታው ጭር ይላል። የት ሄዱ? ዓሣ እንቁላል እየጣለ በቀላሉ ወደሚያዝባቸው ሌሎች ጅረቶች! ሴፕቴምበር ላይ እንቁላል ጥለው የደከሙ ዓሦች ብሩክስ ወንዝ ውስጥ ሲበዙ፣ ድቦቹም ይመለሳሉ።

ዓሣ ሞልቶም ድብ የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በአላስካዋ ኮዲያክ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2014 ሙቀት ስለነበር ኤልደርቤሪ የተባለው ቀይ ፍሬ ቀድሞ በሰለና ከሳልመኑ ወቅት ጋር ገጠመ። ድቦቹ ዓሣውን ትተው ፍሬ ለቀማ ወጡ! ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ሳልመን ፕሮቲኑ ለድብ ይበዛል፤ የፍሬው መጠን ግን ድብን ቶሎ ለሚያወፍረው ልክ የቀረበ ነው። እዚያ ጅረት ዳር አንድ ካሜራ ብቻ ቢኖረን ኖሮ “ድቦቹ አለቁ” እንል ነበር።

ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩማ፣ የድብ ቤቱ ፏፏቴው ከመሰለን ፏፏቴውን ብቻ መጠበቅ የሚበቃ ይመስለናል። ድቡ ግን ጅረቶቹንም፣ ፍሬውንም፣ በመሃል ያለውንም መንገድ ይፈልጋል።

የፓርኩ ባለሙያዎች ይህን ያውቃሉ፤ ያስረዳሉም። ድምፅ የምንሰጠው ግን “ከመወፈሩ በፊት” እና “ከወፈረ በኋላ” የሚሉ ሁለት ፎቶዎችን አይተን ነው። በሁለቱ ፎቶዎች መሃል አንድ ካርታ ቢገባ ምናለበት? እስከዚያው ግን እናንተ ባዶ ወንዝ ስታዩ ስርጭቱን ቶሎ አትዝጉት። “አሁን ሌላ ቦታ ምን ደርሶ ይሆን?” ብላችሁ ጠይቁ።