የአንድ ደቂቃ ቆጠራ

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ፣ እናት በነጠላ ጠቅልላ ያመጣችውን የሚያስል ሕፃን ደረት ገልጣ፣ ዓይኗን በደረቱና በሰዓቷ መካከል እያመላለሰች፣ ትንፋሹን ሙሉ አንድ ደቂቃ የምትቆጥረውን የጤና ባለሙያ ያየ ሰው፣ ይህች ትንሽ ሥርዓት በክለሳ ሥልጠና ካልታደሰች እንደምትዘነጋ ላያስተውል ይችላል። የድጓ ሊቃውንት እንኳ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም በሚወጡበት አገር፣ ያወቀ ሰው ተመልሶ ደቀ መዝሙር ሲሆን ማየት እጅግ ደስ ያሰኛል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት 40 ከሞላ ትንፋሹ ፈጣን ነው፣ የሳምባ ምችም ያሠጋል፤ ቁጥሩን መሸምደድስ ቀላል ነበር፣ ጭንቁ ትዕግሥቱ ነው እንጂ። የሚያለቅስ ሕፃን አይቆጠርም፤ እስኪረጋጋ ይጠበቃል።